ያለ መልቀቂያ የወጣን

ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አክስቴ መኪያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀት በረድ አለልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባዬ ጉልበቱን አልፎ አልፎ ያመዋል እንጂ የጨርቅ ሱቁን በሰዓቱ ይከፍታል። እማዬም ሰላም ብላሻለች። «ድምፅ አትላኪልኝ፣ እዚህ ሰው ይሰማል፤ በወረቀት ጽፈሽ ፎቶውን ላኪልኝ» ስላልሽኝ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ለአባዬ ያልነገርኩት ነገር አለ። ከበድሉ ፋርማሲ ወጥቻለሁ፤ ወር ሊሞላኝ ነው። አልተስማማንም። ነገሩ ረጅም ስለሆነ አሁን አላደክምሽም። ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮዬ ለብሼ ከቤት እወጣለሁ፤ ቀኑን እዚህም እዚያም ስል አሳልፌ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። አባዬ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ሲለኝ «ደህና» እለዋለሁ።

ሥራ አጥቼ አይደለም። አንድ አዲስ ፋርማሲ ፈተናውን አልፌ ከኅዳር አንድ ጀምሮ ግቢ ብሎኛል። የጎደለኝ አንድ ወረቀት ነው፤ መልቀቂያ። የእኛ ሙያ እንደ ሌላው ሥራ አይደለም። ፋርማሲ የሚከፈተው በባለሙያ ፈቃድ ነው፤ የእኔ ፈቃድ ደግሞ ስሜና ፎቶዬ እንዳለበት በመስታወት ተደርጎ የበድሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሱ «ለቅቃለች» ብሎ ካልጻፈ የጤና ቁጥጥር ቢሮው ሌላ ቤት ላይ አይመዘግበኝም። አራት ጊዜ ሄድኩ። «ሰኞ ነይ» ይለኛል፤ ሰኞ ስሄድ «ሐሙስ» ይለኛል።

አንቺና በድሉ አንድ ክፍል ተምራችኋል ሲባል ሰምቻለሁ። ብትደውዪለት ያፍርሽ ይሆናል። እባክሽ አክስቴ፣ አባዬ ግን እንዳይሰማ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ።
የወንድምሽ ልጅ ሰብሪና ጀማለዲን


ጅዳ
ጥቅምት 26 ቀን 2017

ለምወድሽ ልጄ ሰብሪና፣

ወዐለይኪ ሰላም። አላህ ጤናውንና ሰላሙን ያብዛልሽ። የእጅ ጽሑፍሽ ቁርጥ የአባትሽን ነው፤ ሳየው ደስ አለኝ።

በድሉ ጋ ደወልኩ። ድምፄን ወዲያው አወቀው፣ ስለ ልጅነታችን ትንሽ ሳቅን። ያንቺን ነገር ሳነሳበት ግን ድምፁ ተለወጠ። «መኪያ፣ ልጅሽ ሦስት ሰው መድኃኒት እየጠበቀ ጋዋኗን ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ወጣች። አንዲት መስመር አልጻፈችልኝም። ያልጻፈ ሰው ለእኔ አልለቀቀም» አለኝ።

እውነት ነው? አንቺ ሰው አቁመሽ ጥለሽ የምትሄጂ ልጅ አይደለሽም። እንዲያ ካደረግሽ አንድ ነገር አይተሻል፤ ወይም አንድ ነገር ሆኗል። «አልተስማማንም» የሚል ቃል ለጎረቤት ይበቃል፣ ለእኔ አይበቃም። ንገሪኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ማዳሜ ዘንድሮም ፈቃድ አልሰጠችኝም። ለኢድ ትመጣለች ብሎ አባትሽ ተስፋ አድርጎ ከሆነ ቀስ አድርገሽ ተስፋውን አስቀንሺው። ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ የእናቴን መቃብር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

አላህ መንገድሽን ያቅና።
አክስትሽ መኪያ


ሶዶ
ኅዳር 18 ቀን 2017

ለውድ አክስቴ መኪያ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የአያቴን መቃብር ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አባዬ በክረምቱ ዙሪያውን አስጠርጎታል፤ ሣሩ የበቀለው ከዚያ ወዲህ ነው።

አዲሱ ፋርማሲ ሌላ ሰው ቀጠረ። እስከ ኅዳር አሥር ጠበቁኝ፤ ከዚያ «እኅታችን፣ እኛም መክፈት አለብን» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም።

በድሉ «አልጻፈችልኝም» ስላለሽ የመልቀቂያ ማመልከቻ ጽፌ እሱ ጋ ሄድኩ።

«ጋሽ በድሉ፣ ጥፋቴ ነው፤ ያኔ መጻፍ ነበረብኝ። አሁን ጽፌያለሁ። ቅጂው ላይ ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልኝ» አልኩት።

ወረቀቱን አላነሳውም። «አንቺ ስትሄጂ ይህ ቤት ይዘጋል። ይገባሻል?»

«ሌላ ባለሙያ ይቅጠሩ።»

«ከየት አምጥቼ? የተማረ ሁሉ ሐዋሳ ነው የሚሮጠው። ምትክ ያገኘሁ ቀን እጽፍልሻለሁ።»

«እየፈለጉ ነው?»

በአገጩ ወደ ፎቶዬ አመለከተኝ። «እኔ ምን በደልኩሽ? አቧራሽን እንኳ በየቀኑ ነው የማስጠርገው» አለኝ። አክስቴ፣ ቀልድ መስሎት ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መንገድ ማለፍ አልቻልኩም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ።

ቢሮውም ሄጄ ነበር። ህብረት የምትባል ባለሙያ በደንብ ተቀበለችኝ። «አሠሪ አልለቅም ሲል እኛ ራሳችን ሄደን ቤቱን የምናይበት መንገድ አለ። ግን ለምን እንደለቀቅሽ መጻፍ አለብሽ» አለችኝ።

«በግል ጉዳይ ነው» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የግል ከሆነ ከእሱ ጋር ተስማምታችሁ ኑ» አለችኝ።

አሁን አንድ ሰው አለ፤ ኤርካሎ ይባላል፣ ሁምቦ ጠበላ ላይ መድኃኒት መደብር አለው። መልቀቂያ አልጠየቀኝም። ቤቱ የተከፈተው ሐዋሳ በምትኖር ባለሙያ ፈቃድ ነው፤ እሷ ስሟን ሰጥታ ትኖራለች፣ ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው የሚፈልገው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ በጓሮ በር ወጥቼ ሻይ ቤት እንድቀመጥ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ? ቶሎ ጻፊልኝ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ።

ሰብሪና


ጅዳ
ጥር 9 ቀን 2017

ልጄ ሰብሪና፣

አላህ ይማርሽ፣ እኔንም ይማረኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ዝም ማለቴ ስለናቅሁሽ አይደለም። ትንሽ አሞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል፤ ቆሜ እሠራለሁ። ለአባትሽ እንዳትነግሪው።

የሁምቦውን ሥራ ያዢው። አታመንቺ። ወረቀት ወረቀት ነው፤ ሰው ያለ ወረቀትም ያድራል። ብዙ ሰው እንዲያ ሆኖ ይኖራል። መጀመሪያ ላይ በር በተንኳኳ ቁጥር ልብሽ ይደነግጣል፤ በኋላ ትለምጂዋለሽ። የጓሮውን በር ግን ጠዋት እንደገባሽ መከፈቱን አረጋግጪ። የማያውቅሽ ሰው ስምሽን ሲጠይቅሽ ቶሎ አትመልሺ። ማንም ፎቶ እንዲያነሳሽ አትፍቀጂ።

ያልነገርሽኝን ነገር አሁንም አልነገርሽኝም፤ አይቼዋለሁ። ግድ የለም። ሁሉም ሰው ያልተናገረው ነገር አለው።

አክስትሽ መኪያ


ሶዶ
የካቲት 11 ቀን 2017

ውድ አክስቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ጤናሽን አላህ ይመልስልሽ። ሕመምሽ ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። የትኛው ሐኪም ነው ያየሽ? ምን መድኃኒት ሰጡሽ? ይህን እንኳ ጻፊልኝ፤ ሙያዬ ነው።

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ነው ሁምቦ የገባሁት፤ መጠበቅ አልቻልኩም። ለአባዬ «በድሉ ሁምቦ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ» ብዬ ዋሸሁት። በየጠዋቱ በሚኒባስ እወርዳለሁ። ያልሽኝ ሁሉ ሆነ፤ በሩ ሲንኳኳ መደንገጤም፣ የጓሮውን በር ማየቴም። መልመዱ ብቻ አልመጣልኝም። ሁለት ጊዜ ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ፤ አንዱን ቀን የመጡት ተቆጣጣሪዎች ሳይሆኑ የመብራት ቆጣሪ አንባቢዎች ነበሩ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴት ጓንት ልትገዛ ገባች። «ሳሮ» ብላ በወላይትኛ ሰላም ካለችኝ በኋላ ፊቴን እያየች ቆየች።

«አንቺ ሶዶ የበድሉ ቤት ባለሙያ አይደለሽም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ፎቶሽ እኮ አሁንም እዚያው አለ። እናቴ ፎቶሽን እያየች ነው የምትገዛው። ያቺ ልጅ ካለች መድኃኒቱ ደህና ነው ትላለች።»

እናቷ እማማ አሳየሽ ናቸው። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ኢንሱሊናቸውን ከእጄ ወስደዋል። እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳት።

«ኦቶና ሆስፒታል ተኝታለች። ልብስ ልወስድላት ነው የመጣሁት። መርፌውን አንድ ቀን አላቋረጠችም፤ ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። አመጋገብሽን አልጠበቅሽም ወይ ሲሏት ትምላለች፤ እኛም አላመንናትም ነበር።»

አክስቴ፣ አሁን የደበቅሁትን ልንገርሽ።

ክረምት ላይ የበድሉ ፍሪጅ መቆጣጠሪያው ተበላሸ። አንድ ጠዋት ስከፍተው ኢንሱሊኑ በሙሉ በረዶ ሆኗል። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ይጣላል፤ ኃይሉ ይሞታል፣ ሲቀልጥ ግን ሲያዩት ደህና ይመስላል። ለበድሉ ነገርኩት። ፀሐይ ላይ አስቀምጦ አቀለጠውና መልሶ ደረደረው። «ሟሟ እኮ፣ ምን ሆነ?» አለኝ። ተከራከርኩት። ፍሪጁንም አላሠራውም፤ ማታ በረዶ ይሆናል፣ ቀን ይቀልጣል።

እኔ በዚያው ቀን አልወጣሁም። አሥራ አንድ ቀን ሸጥኩ። እያወቅሁ። በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እያልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን እማማ አሳየሽ መጡ። ብልቃጡን ሰጠኋቸው፣ መረቁኝ፣ ወጡ። ጋዋኔን ሰቅዬ የወጣሁት ያኔ ነው። ለቢሮው «የግል ጉዳይ» ያልኩትም ለዚህ ነው፤ የበድሉን ስጽፍ የራሴን አሥራ አንድ ቀን መጻፍ አለብኝ።

ለእማማ አሳየሽ ልጅ «ቤት ያለውን ኢንሱሊን እንዳትሰጫቸው፤ በረዶ ነክቶታል። ለሐኪሞቹም እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው» አልኳት። «አንቺ በምን አወቅሽ?» አለችኝ። ጓንቱን ጠቅልዬ ሰጠኋት።

እኔ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነ። አምስት ወር ሙሉ በፎቶዬ ሲሸጥ ቆይቷል። ቢሮው ብሄድ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ፤ የኤርካሎም ሥራ ይቀራል፤ አባዬም መዋሸቴን ይሰማል። ዝም ብል ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ከዚያ ይገዛል። መብላት አቅቶኛል። ምን ላድርግ?

ሰብሪና


ጅዳ
የካቲት 14 ቀን 2017

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዛሬ ሥራ አልሄድኩም።

እኔም ልንገርሽ። ማዳም የለኝም። ካጣኋት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። የውሌን ሁለት ዓመት ከጨረስኩ በኋላ ወደ አገሬ ልሂድ ስላት የመውጫ ወረቀት አልጽፍም አለች፤ ፓስፖርቴንም ያዘችብኝ። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ አልተመለስኩም። እሷም ጠፋች ብላ አመለከተች። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ በሰዓት እየሠራሁ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል እንኖራለን። ድምፅ አትላኪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እናቴ ስትሞት «ማዳሜ ከለከለችኝ» ያልኩት ውሸት ነበር። የከለከለኝ ሰው የለም፤ ከዚህ አገር የምወጣበት ወረቀት ነው የሌለኝ። የመቃብሯን ፎቶ ስትልኪልኝ እሱን እያየሁ ስንት ዓመት እንደዋሸሁ ቆጠርኩ።

በታኅሣሥ ያመመኝ ሳንባዬን ነው። ሐኪም ቤት መታወቂያ ይጠይቃል። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ከሰው የለመኑትን ክኒን ሰጡኝ፤ ስሙን አላውቀውም። ሐኪም ማን ነው ላልሽኝ፣ መልሱ ይህ ነው።

ሁምቦ ግቢ ያልኩሽ መልካም መስሎኝ አይደለም። አሁን ሳስበው፣ እንደ እኔ የምትኖር አንዲት የሥጋ ዘመድ እንድትኖረኝ ፈልጌ ይመስለኛል። አፉ በይኝ።

አባትሽ ጋ ሂጂ። መጀመሪያ ለእሱ ንገሪው። ከዚያ ወደዚያች ሴትዮ ቢሮ ሂጂና አሥራ አንዱንም ቀን ጻፊ። የሚመጣው ይምጣ። ይሄ «ትለምጂዋለሽ» ያልኩሽ ነገር አይለመድም፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሞክሬዋለሁ።

የእኔን ግን ገና ለማንም አትናገሪ።

መኪያ


ሶዶ
መጋቢት 10 ቀን 2017

ለውድ አክስቴ መኪያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ጾሙን አላህ ይቀበልሽ። ከየካቲት ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽፌልሻለሁ፤ አልከፈትሻቸውም። ስልክሽም አይጠራም። እባክሽ አንዲት ቃል ላኪ።

ለአባዬ ሱቁ ውስጥ ነገርኩት። ጨርቅ እያጠፈ ነበር፤ እስክጨርስ ማጠፉን አላቆመም። ከዚያ «ሴትዮዋ በሕይወት አለች?» አለኝ። «አለች» አልኩት። «መጀመሪያ እሷ ጋ እንሂድ» አለና ሱቁን ዘጋ።

እማማ አሳየሽ አዲሱን ኢንሱሊን ከጀመሩ ወዲህ ስኳራቸው ወርዷል። የግራ እግራቸው ቁስል ግን ሁለት ጣት አስቆርጧቸዋል። አልጋው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጃቸው ፊቷን አዞረች። እሳቸው «የዚያን ቀን መርቄሽ ነበር አይደል?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ይቅር ማለታቸው ይሁን ምርቃቱን መልሰው መውሰዳቸው እስካሁን አላወቅሁም።

በማግስቱ ለህብረት አራት ገጽ ጻፍኩላት፤ የሁምቦውንም ጨምሬ። አንብባ ስትጨርስ «ይህን በኅዳር ብትጽፊው ኖሮ» አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተነሳች። በዚያው ቀን ሄደው የበድሉን ፍሪጅ ከፈቱ። ቤቱ ታሽጓል፤ ጉዳዩም ወደ ሕግ ሄዷል። ኤርካሎ ባለሙያ እስኪያገኝ ዘግቷል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ያልፈኛል። የእኔ ፈቃድ ለስምንት ወር ታግዷል። ከዚያ በኋላ ያለ በድሉ መልቀቂያ ሌላ ቤት መመዝገብ እንደምችል በውሳኔው ተጽፏል። ወረቀቱን ስቀበል ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልሆነም። ብቻ በዚያ ምሽት እራቴን ጨርሼ በላሁ።

አሁን አባዬ ሱቅ እሠራለሁ። ባፈጠርን ቁጥር ስላንቺ ይጠይቀኛል። «መኪያ ለምን ዝም አለች?» ሲለኝ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» እለዋለሁ። ይህ የቀረኝ የመጨረሻ ውሸት ነው፤ የእኔም አይደለም። አክስቴ፣ ደህና ነሽ? ሳንባሽ እንዴት ነው?

ሰብሪና


ጅዳ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017

ልጄ ሰብሪና፣

ሰላምና ጤና ለሁላችሁም ይሁን። ይህን የምጽፈው አንዲት የከምባታ ልጅ ደብቃ ባስገባችው ስልክ ነው፤ የእኔ ተወስዷል። ደብዳቤዎችሽን ያነበብኩት ትናንት እሷ ከፍታልኝ ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ ለኢሚግሬሽን ፖሊስ እጄን ሰጠሁ። ማንም አልያዘኝም፤ ታክሲ ተሳፍሬ ራሴ ሄድኩ። የጣት አሻራዬን ሲያነሱ «ከማን ቤት ነው የወጣሽው?» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ያልጠራሁትን የማዳሜን ስም ጠራሁ። ሰውየው ኮምፒውተሩን አየና «የቆየ መዝገብ ነው፣ ጠብቂ» አለኝ። ስንት ቀን እንደሆነ አልነገረኝም። እስረኞች በሚቆዩበት አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነን። በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም መጥቶ ደረቴን አዳመጠኝና መድኃኒት ሰጠኝ፤ ስሙ ያለበትን ወረቀት ይዤልሻለሁ፣ ታይዋለሽ።

ወደ አገር የሚሄድ ሰው ስም የሚጠራው ጠዋት ነው። ትናንት «መኪያ» አሉ፤ ጫማዬን አድርጌ እስከ በሩ ሄድኩ። የአባት ስሙ ግን የእኔ አልነበረም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስሟ የተጠራው ያቺኛዋ መኪያ ስታልፍ አቅፋ ሳመችኝ።

አሁን ለአባትሽ ንገሪው፤ ሁሉንም። ትመጣለች አትበይው፤ ስሟ እስኪጠራ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው በይው።

አክስትሽ መኪያ